የተረሳ ላቲን በግእዝ ዕውቀት ሲከለስ፦ ለአንድ የቅኔ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ከደብረ ማርቆስ የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በዋሸራ ቅኔ ተምሬ አሁን ለደቀ መዛሙርት ግስና ርባ ቅምር (የግሱን አረባብ) አስተምራለሁ። ከዓመታት በፊት የላቲን መግቢያ ትምህርት ተከታትዬ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ቃል ጠፍቶብኛል፣ የሰዋስዉም ሰንጠረዥ ተደበላልቆብኛል። ወደ ላቲን እንድመለስ ያስገደደኝ የአውጉስት ዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው፤ የግእዙን ቃል እያወቅሁት ፍቺው በላቲን ስለ ተጻፈ ልጠቀምበት አልቻልሁም። የድሮውን መማሪያ ከምዕራፍ አንድ ልድገመው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ንባቡንስ በየትኛው አፍ ልያዝ?» ጠያቂው በስማቸው ፈንታ «መሪጌታ» ብለው ስለ ፈረሙ እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

መሪጌታ፣ መማሪያውን ከምዕራፍ አንድ አይድገሙት። እነዚያ መጻሕፍት የተዘጋጁት ባለቤትና ተሳቢ ምን እንደ ሆኑ ገና ለሚነገረው ጀማሪ ነው፤ እርስዎ ግን ማሰሪያን (ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ) ከቦዝ (እንደ «ሄዶ» ካለው)፣ ዘንድን (እንደ «ይገድል ዘንድ» ያለውን) ከትእዛዝ ለይተው ለሌላው የሚያስረዱ ሰው ነዎት። ከመጀመሪያው ቢነሡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚያውቁት ነገር ላይ ያልቃሉ፤ ከባዱ ቦታ ሲደርስም ትጋቱ ቀዝቅዞ ይገኛል። ክለሳዎ ግእዝና ላቲን ከሚገናኙበት ቦታ ቢጀምር፣ ብዙውን ጊዜ ግን ግእዝ በሚያሳስትበት ቦታ ላይ ቢያጠፉት ይሻላል። ግእዝ ለላቲን ተማሪ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ነገር ግን ልማዱ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች በሚለያዩበት ቦታ የግእዙ ልማድ ሳያስታውቅ ይቀድማል።

የንባቡን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ ከዚህ በታች የላቲን ቃላትን በፊደላችን ስለምጽፍ አንባቢ ሥርዐቱን ማወቅ ይኖርበታል። ላቲን ዛሬ በሁለት ዓይነት ይነበባል። አንደኛው የሮማ ቤተ ክርስቲያን ንባብ ሲሆን የኢጣልያንኛን አፍ ይከተላል፤ ሁለተኛው ሊቃውንት ከጥንት ጽሑፎች ምስክር ተነሥተው መልሰው ያቋቋሙት የጥንቱ ንባብ ነው። ለክለሳ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱ ተነባቢ ሆሄ አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው የሰሙትን ለመጻፍም ያዩትን ለማንበብም ይቀላል። በዚህ ንባብ የሮማው ገዢ «ካይሳር» ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ንባብ «ቼሳር» ይሆናል፤ እኛም ቃሉን በጽርእ (በግሪክ) በኩል ተቀብለን «ቄሳር» ስንል ለጥንቱ እንቀርባለን። አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ቀላል ነው፤ «ውሃ» የሚለውን «አኳ»፣ «ዘ» የሚለውን «ኲ» ብለን በኰ ዘር በአንድ ፊደል እንጽፈዋለን፣ በአንድ ድምፅም እናነበዋለን።

ፊደላችን የማያሳየው ሁለት ነገር አለ፤ እነርሱም ማጥበቅና የአናባቢ ርዝመት ናቸው። ማጥበቁ አያስቸግርዎትም፤ «ቀደሰ»ን ሲያነቡ ደ ጠብቆ እንደሚነበብ ማንም ሳይጽፍልዎት ያውቃሉ። ላቲን ግን የሚጠብቀውን ሆሄ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ «አኑስ» ጠብቆ ሲነበብ ዓመት ነው፣ ላልቶ ሲነበብ አሮጊት ነው። የሚያስቸግረው ርዝመቱ ነው፤ ግእዝ አናባቢን በርዝመት ብቻ እየለየ ፍቺ አይለውጥምና። «ዌኒት» በአጭር ዌ «ይመጣል»፣ በረዥም ዌ «መጣ» ማለት ነው። «ኦኪዴሬ» ኪው ሲረዝም «መግደል»፣ ሲያጥር «መውደቅ» ወይም «መጥለቅ» ነው። ብዙ መጻሕፍት ርዝመቱን አያመለክቱም፤ አንዳንድ መማሪያዎች ብቻ በአናባቢው ላይ መስመር ያሰምራሉ። ለክለሳዎ መስመሩ ያለበትን መጽሐፍ ይምረጡ፤ ጆሮዎ ከለመደው በኋላ መስመር በሌለበትም ቦታ አገባቡ ራሱ ይነግርዎታል።

ወደ ስም እንለፍ። ላቲን ስሞችን በ5 ወገን ይከፍላል፤ ወገኑ የሚታወቀው ግን ቃሉ ባለቤት ሲሆን ባለው መልክ ሳይሆን ዘርፍ (እንደ «የንጉሥ» ያለ) ሲሆን በሚይዘው መልክ ነው። «ዶሚኑስ» (ጌታ)፣ «ኮርፑስ» (ሥጋ)፣ «ማኑስ» (እጅ) ሦስቱም በኡስ ያልቃሉ፤ ዘርፍ ሲሆኑ ግን «ዶሚኒ»፣ «ኮርፖሪስ»፣ «ማኑስ» በረዥም ኑ ይሆናሉና የመጀመሪያው ከ2ኛው፣ ሁለተኛው ከ3ኛው፣ ሦስተኛው ከ4ኛው ወገን መሆናቸው ያን ጊዜ ይለያል። ሥሩም የሚገኘው በዚያው በሁለተኛው መልክ ነው፤ «ሬክስ» (ንጉሥ) ሲባል ያልታየው ገ «ሬጊስ» (የንጉሥ) ሲባል ይወጣል፣ «ኢቴር» (መንገድ) ደግሞ «ኢቲኔሪስ» ሲሆን የመጀመሪያውን መልክ ብቻ የያዘ ሰው ፈጽሞ አያውቀውም። ስለዚህ አንድም ስም ብቻውን አይጠና። እርስዎ ደቀ መዝሙርዎ «ንጉሥ» ብሎ «ነገሥት»፣ «ሀገር» ብሎ «አህጉር» ሳይል እንደማያሳልፉት ሁሉ፣ ራስዎንም «ሬክስ፣ ሬጊስ» ሳይሉ አያሳልፉ። አምስቱ የዘርፍ መጨረሻዎች በቅደም ተከተል አይ፣ ኢ፣ ኢስ፣ ኡስ፣ ኤኢ ናቸው፤ ከሰንጠረዡ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ያጽኑ።

አሁን ግእዙ ወደሚያሳስትበት ቦታ ደረስን። ዳዊትን በቃልዎ ስለሚያውቁት ከመዝሙር 1 የመጀመሪያውን ቃል እንውሰድ፦ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን»። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይነበባል፦ «ቤአቱስ ዊር ኲ ኖን አቢኢት ኢን ኮንሲሊዮ ኢምፒዮሩም»። ቃል በቃል ይገጥማሉ፤ ቤአቱስ ብፁዕ፣ ዊር ብእሲ፣ ኲ ዘ፣ ኖን ኢ፣ አቢኢት ሖረ። «ምክረ ረሲዓን» የሚለው ላይ ግን ይቁሙ። ግእዝ ዘርፉን የሚያስረው የተያዘውን ቃል ለውጦ ነው፤ «ምክር» የነበረው «ምክረ» ይሆናል፣ «ረሲዓን» ግን ምንም አይነካም። ላቲን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ «ኢምፒዮሩም» የሚለው መጨረሻው ተለውጦ «የረሲዓን» የሚለውን ፍቺ ይሸከማል፣ «ኮንሲሊዮ» ደግሞ የተለወጠው ለዘርፉ ብሎ ሳይሆን ከፊቱ «ኢን» ስላለበት ነው። በዚህ ጉዳይ የሚረዳዎት ግእዝ ሳይሆን አማርኛ ነው፤ «የክፉዎች ምክር» ስንል ምልክቱን የምናኖረው እንደ ላቲን በባለ ንብረቱ ላይ ነው። የግእዝ ዐዋቂ ላቲን ሲያነብ ዘርፍ በመጣ ቁጥር አሳቡን በአማርኛ ቢይዘው ግማሹ ስሕተት ይቀራል።

ቀጥሎ ያለውን ሐረግም ይመልከቱ። «ወዘኢቆመ ውስተ ፍኖተ ኃጥኣን» በላቲኑ «ኤት ኢን ዊያ ፔካቶሩም ኖን ስቴቲት» ነው። በግእዙ ቆመ የቀደመበት፣ በላቲኑ ስቴቲት የመጨረሻውን ቦታ ይዞ እንደ አማርኛ አንቀጹ መዝጊያ ሆኗል። ሦስተኛው ሐረግ «ውስተ መንበረ መስተሳልቃን» (በዘባቾች ወንበር) ሲል ላቲኑ «ኢን ካቴድራ ፔስቲሌንቲያይ» ይላል፤ ይኸውም «በቸነፈር ወንበር» ማለት ነው። ልዩነቱ ላቲኑ የተከተለው የጽርእ ንባብ ስለ ሆነ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያጋጥምዎ ላቲኑን ያላወቁት መስሎዎት አይደንግጡ።

ሁለተኛው ወጥመድ የቃል መጨረሻ አ ነው። የቅኔ ሰው ዓይን ቃል በግእዝ (በመጀመሪያው የፊደል ድምፅ፣ እንደ «ምክረ») ሲያልቅ ወዲያው ተሳቢ ወይም ዘርፍ ያዥ ነው ብሎ ይፈርዳል። በላቲን አ ብዙ ሥራ አለው። «ቴራ» (ምድር) ሲል በ1ኛው ወገን ባለቤት ነው፤ ያው «ቴራ» በረዥም ራ «በምድር» ወይም «ከምድር» የሚለውን አገባብ ይይዛል፤ «ዌርባ» ሲል ደግሞ «ዌርቡም» (ቃል) ለሚለው ብዙ ቁጥሩ ነው፣ ባለቤትም ተሳቢም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ነጠላ ተሳቢ በወንድና በሴት ስም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጨረሻው ም ነው፦ ቴራም፣ ዶሚኑም፣ ሬጌም። ወንድም ሴትም ላልሆነው ለሦስተኛው ጾታ ሁለት ሕግ ይበቃል፤ ባለቤቱና ተሳቢው ምንጊዜም አንድ መልክ አላቸው፣ በብዙ ቁጥር ደግሞ ሁለቱም በአ ያልቃሉ። ይህ ለ2ኛውም ለ3ኛውም ለ4ኛውም ወገን የሚሠራ ነው።

ቅጽል ከስም ጋር በጾታ ሲስማማ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከጎጃም ጓዳና ማሳ የተሻለ መልመጃ አላውቅም። የዕፀዋት ሊቃውንት ለተዘራ ተክል «ሳቲዉስ» የሚል ቅጽል ይሰጣሉ፤ «የሚዘራ» ማለት ነው። ጓያ «ላቲሩስ ሳቲዉስ» ይባላል፤ ስሙ ወንድ ነውና። ጥቁር አዝሙድ «ኒጌላ ሳቲዋ» ነው፤ ስሙ ሴት ነውና። ነጭ ሽንኩርት «አሊዩም ሳቲዉም»፣ ድንብላልም «ኮሪያንድሩም ሳቲዉም» ነው፤ ስማቸው ሦስተኛው ጾታ ነውና። አንድ ልዩ ሕግ ግን አለ፤ በላቲን የዛፍ ስም በኡስ ቢያልቅም እንኳ እንደ ሴት ይቆጠራል። ስለዚህ በየደብሩ ቅጥር የምናየው ጽድ «ዩኒፔሩስ ፕሮኬራ» እንጂ ፕሮኬሩስ አይባልም፣ ዋርካም «ፊኩስ ዋስታ» ነው። በአዊ ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን ግራር «ዲከረንስ» ሲል ደግሞ ሳያውቀው የላቲን ቅጽል እየተናገረ ነው፤ «ዴኩሬንስ» ማለት «ወደ ታች የሚሮጥ» ሲሆን «ዴኩሬሬ» ከሚለው ግስ የወጣ እንደ ሣልስ ቅጽል (እንደ «ቀታሊ» ያለ የአድራጊ ቅጽል) ያለ ቃል ነው፣ ዘርፉም «ዴኩሬንቲስ» ይሆናል።

ስለ ቀሩት አገባቦች ብዙ አልናገርም። ለ የምንለውን ላቲን በመጨረሻ ለውጥ ብቻ ይገልጸዋል፤ በ እና እምነ የምንላቸውን ደግሞ አብላቲቭ የሚባለው አገባብ አጣምሮ ይይዛቸዋል። እነዚህ ሁለቱ በብዙ ቁጥር በ5ቱም ወገን አንድ መልክ ስላላቸው የሚጠናው ከሚያስፈራው ያነሰ ነው። መጠንቀቅ ያለብዎት «ኢን» በሚለው ቃል ነው። ግእዝ «ውስተ» ብሎ መኖርንም መግባትንም ይገልጻል፤ ላቲን ግን ከኢን በኋላ አብላቲቭ ቢያመጣ መኖርን፣ ተሳቢ ቢያመጣ መግባትን ያሳያል። ሌላው አብላቲቭ ሁለት ቃል ብቻውን ቆሞ እንደ ቦዝ የሚያገለግልበት ጊዜ ነው፤ «ኡርቤ ካፕታ» ሲል «ከተማዪቱ ተይዛ» ብለው ይተርጉሙት፣ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ግሱ ላይ ግን ረዘም ያለ ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል። የላቲን ግስ ባለ 4 ራስ ነው፤ «ሚቶ፣ ሚቴሬ፣ ሚሲ፣ ሚሱም» ሲሉ እልካለሁ፣ መላክ፣ ላክሁ የሚሉትንና የተላከ የሚለው ቅጽል የሚወጣበትን መነሻ ይዘዋል፤ ከእነዚህ ከአራቱ የቀረው ሁሉ ይረባል። ይህ ለእርስዎ እንግዳ ሥርዐት አይደለም። «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ፣ ይቅትል ይግደል» እያሉ ግስ ሲያወርዱ የኖሩት በአራት መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ የላቲኑን ግስ በሰንጠረዥ አይከልሱት፤ ከነአማርኛው በቃል ያውርዱት፣ በዚያው በለመዱት ዜማና ፍጥነት። «ዊዴኦ አያለሁ፣ ዊዴሬ ማየት፣ ዊዲ አየሁ፣ ዊሱም።» «ካፒዮ እይዛለሁ፣ ካፔሬ መያዝ፣ ኬፒ ያዝሁ፣ ካፕቱም።» ሕግ የማይገዛቸውን አስቀድመው ያውርዱ፤ «ፌሮ፣ ፌሬ፣ ቱሊ፣ ላቱም» (መሸከም) የሚለውን ያላጠና ሰው «ቱሊት»ን አይቶ ከፌሮ ጋር አያገናኘውም፤ «ሱም፣ ኤሴ፣ ፉኢ» (መሆን) ደግሞ በየመስመሩ የሚመጣ ነው።

አራተኛው ራስ ለምን እንደሚጠቅም የቅኔ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ሳድስ ቅጽልን (እንደ «ቅዱስ» ያለውን የተደራጊ ቅጽል) የሚያስገኘው እርሱ ነውና። «ሚሱስ» ማለት «ፍኑው» ነው። ነገር ግን «ሚሱስ ኤስት» የሚለውን በቀጥታ «የተላከ ነው» ብለው ካሰሩት ይሳሳታሉ፤ ላቲን በዚህ መልክ ያለፈውን ተደራጊ ያሳያልና ትክክለኛው «ተፈነወ»፣ «ተላከ» ነው። አሁን ለሚደረገው «ሚቲቱር» ይላል።

ከግሱ ሁሉ ጀማሪዎችን የሚያስለቅሰው መልኩ ተደራጊ፣ ፍቺው አድራጊ የሆነው ክፍል ነው፤ ለእርስዎ ግን የሚቀለው ይህ ነው። ግእዝ «ተናገረ» ሲል ተ መነሻ አድርጎ ሳለ ፍቺው አድራጊ ነው፤ ላቲንም «ሎኲ» (መናገር) የሚለውን በተደራጊ መልክ ብቻ ይናገረዋል። «ተወልደ» በላቲን «ናስኪ»፣ «ተምዕዐ» (ተቈጣ) ደግሞ «ኢራስኪ» ነው፤ ሁለቱም እንደ ግእዙ የተደራጊን ልብስ የለበሱ ናቸው። ለማረጋገጥ መዝሙር 50ን ይክፈቱ። የላቲኑ ዳዊት እንደ ግእዙ የሰብአ ሊቃናትን አቆጣጠር ስለሚከተል ቁጥሩ አይለያይም። «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» የሚለው «ሚሴሬሬ ሜኢ ዴኡስ ሴኩንዱም ማግናም ሚሴሪኮርዲያም ቱአም» ተብሏል። «ሚሴሬሬ» በሬ ስላለቀ ንዑስ አንቀጽ (እንደ «መላክ» ያለ) ይመስላል፤ ሆኖም እንደ «ተሣሃል» ያለ፣ መልኩ ተደራጊ የሆነ ትእዛዝ ነው። ግእዝ ኒ ብሎ ተሳቢ ያደረገውን ላቲን «ሜኢ» ብሎ ዘርፍ አድርጎታል፤ ይህ ግስ ዘርፍ የሚስብ በመሆኑ ነው። «ማግናም ሚሴሪኮርዲያም ቱአም» ሦስቱም በም ማለቃቸውን ልብ ይበሉ፤ ቅጽሉም ስሙም «ያንተ» የሚለውም ሴኩንዱም የሚባለውን ቃል ተከትለው ተሳቢ ሆነዋል።

ዘንድ አንቀጽም እንዲሁ በግእዝ በኩል ይቀላል። «ከመ ይቅትል» ስንል ላቲን «ኡት ኦኪዳት» ይላል፤ ከመ የሚለው ቃል ከዘንድ ጋር ዓላማን፣ ብቻውን ደግሞ «እንደ» የሚለውን እንደሚያሳይ ሁሉ ኡትም ከዘንዱ ጋር ዓላማን ወይም ውጤትን፣ ዘንድ ካልሆነው ከተራው ግስ ጋር «እንደ» የሚለውን ያሳያል። አሉታው «ኔ» ነው። ግእዝ የማያዘጋጅዎት አንድ ነገር አለ፤ ላቲን የሌላውን ንግግር ሲያወራ ባለቤቱን ተሳቢ፣ ማሰሪያውን ንዑስ አንቀጽ ያደርጋል። «ዲኪት ሬጌም ዌኒሬ» ቃል በቃል «ንጉሥን መምጣት ይላል» ነው፤ ፍቺው ግን «ንጉሡ ይመጣል ይላል» ነው። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ «ኰድ» ወይም «ኲያ» ብሎ እንደ «ከመ» ስለሚያያይዘው ዳዊትና ወንጌል ሲያነቡ ይህ ነገር ብዙ አያጋጥምዎትም፤ የሊቃውንቱ መቅድምና ሐተታ ግን በዚህ የተሞላ ነው።

አሁን ወደ ተነሡበት ጉዳይ፣ ወደ መዝገበ ቃላቱ ልምጣ። አውሮፓውያን ግእዝን በላቲን መፍታት የጀመሩት ዲልማን ሳይወለድ ነው፤ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ያስተማሩት ኢዮብ ሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1661 በላቲን አሳትሟል፤ የዲልማን ትልቁ መዝገብ ደግሞ በ1865 ወጥቷል። የዲልማን ቃላት በሀ ሁ ሥርዐት፣ በየሥራቸው የተደረደሩ ስለ ሆኑ ፍለጋው ያደጉበት ነው። ከግሱ ቀጥሎ የሚያዩት የሮማ ቁጥር የአዕማዱ (እንደ አድራጊና ተደራጊ ያሉት የግስ መልኮች) ምልክት ነው፤ 1ኛው አድራጊው ቀተለ፣ 2ኛው በአ የሚነሣው፣ 3ኛው በተ የሚነሣው፣ 4ኛው በአስተ የሚነሣው ነው። ከሮማው ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው ተራ ቁጥር 1 ከሆነ የቀተለ ቤት፣ 2 ከሆነ የቀደሰ ቤት፣ 3 ከሆነ የባረከ ቤት ነው። ስለዚህ የሮማ ሦስትና ተራ ሦስት ያለበት ግስ «ተቃተለ» የሚመስለው ተደራራጊ መሆኑን ላቲን ሳያነቡ ያውቁታል። ቀጥሎ «ሱብ» ተብሎ ባጭሩ የሚጻፈው ዘንዱን ነው፤ ይቅትል ይላል ወይስ እንደ ይግበር ይላል የሚለውን ይነግርዎታል።

ፍቺው በንዑስ አንቀጽ ይሰጣል። አድራጊው በሬ ያልቃል፤ ተደራጊው ግን በኢ ያልቃል። ከዚህ የተነሣ በመዝገቡ ውስጥ ዋናው የንባብ ችግር ይህች ኢ ናት። «ሚቴሬ» መላክ፣ «ሚቲ» መላክ (በተደራጊ) ነው፤ «ኦኪዲ» መገደል ሊሆን ይችላል፣ «ገደልሁ» ሊሆንም ይችላል፤ «ሬጊ» በአጭር ሬ መገዛት፣ በረዥም ሬ «ለንጉሥ» ነው። ፍርዱን የሚሰጠው የሮማው ቁጥር ነው፤ 3ኛው ዐምድ ከሆነ ኢውን የተደራጊ አድርገው ይያዙት፣ ብዙ ጊዜ አይስቱም።

ከፍቺው በፊት መከለስ ያለባቸው ጥቂት አያያዥ ቃላት አሉ፤ እነርሱን ያወቀ ሰው ግማሹን ገጽ አወቀ ማለት ይቻላል። «ዌል» ወይም፣ «ኢድ ኤስት» ይኸውም፣ «ኢቴም» እንዲሁም፣ «ሳይፔ» ብዙ ጊዜ፣ «ራሮ» አልፎ አልፎ፣ «ታንቱም» ብቻ፣ «ፕሮ» በእገሌ ፈንታ፣ «አፑድ» በእገሌ ዘንድ፣ «ፕሮፕሪኤ» በዋናው ፍቺው ማለት ነው። «ዊዴ» እና «ኮንፌር» ትእዛዝ ናቸው፤ ተመልከት፣ አነጻጽር ይላሉ። ብዙዎቹ በአንድ ወይም በሁለት ሆሄ ታጥረው ስለሚጻፉ አጭሩን ከሙሉው ጋር አድርገው በአንድ ወረቀት ይጻፉና በመጽሐፉ ውስጥ ያኑሩት። የመጻሕፍቱም ስም ያጥራል፤ «ሄን» ሲል መጽሐፈ ሄኖክን፣ «ኩፍ» ሲል መጽሐፈ ኩፋሌን ማለቱ ነው።

የቃላት ክለሳውን በተመለከተ በየርእሱ የተዘጋጁ የእንስሳትና የቤት ዕቃ ዝርዝሮችን ይተዉአቸው። ደብተርዎን በሁለት ዐምድ ይክፈሉት፤ በግራ በኩል በየቀኑ የሚያስተምሩትን የግእዝ ግስ፣ በቀኝ በኩል የላቲኑን 4 ራስ ይጻፉ። ሰምዐ አውዲሬ፣ ጸሐፈ ስክሪቤሬ፣ ሰትየ ቢቤሬ፣ ወሀበ ዳሬ፣ ሐነጸ አይዲፊካሬ፣ መጽአ ዌኒሬ፣ ሞተ ሞሪ። የሚያስፈልግዎት ላቲን ግእዝን የሚፈታው ላቲን ነውና በዚህ መንገድ የሚያጠኑት ቃል ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ ይገናኝዎታል። ቁጥሮችን ለማስታወስ ደግሞ የፈረንጆቹ ወራት ይበቃሉ፤ ሴፕቴምበር ከሴፕቴም (7)፣ ኦክቶበር ከኦክቶ (8)፣ ኖቬምበር ከኖዌም (9)፣ ዲሴምበር ከዴኬም (10) የወጡ ናቸው፤ የጥንቱ የሮማውያን ዓመት ከማርች ይጀምር ስለ ነበር።

ማንበብ ብቻውን አያጸናም። በቅኔ ቤት ቆጠራና ነገራ (ቅኔ መድረስና ለመምህር ማሰማት) የተሠሩት ለዚህ ነው፤ የላቲን መማሪያዎች ደካማ የሚሆኑት የሚያስነብቡ እንጂ የሚያስቆጥሩ ባለመሆናቸው ይመስለኛል። በቀን አንድ ዐረፍተ ነገር በላቲን ይቁጠሩ፤ ከጉባኤ ቃና (ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት) አይርዘም፣ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ አንድ ዘርፍና ማሰሪያ ይኑሩት። ነገራውን የሚቀበልዎት ሰው በአቅራቢያ ባይኖር የዳዊቱን አንድ ስንኝ ከግእዝ ወደ ላቲን ራስዎ መልሰው ከላቲኑ ዳዊት ጋር ያስተያዩት፤ አራሚዎ እርሱ ይሆናል።

ለንባብ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። መጀመሪያ ዳዊቱን ከመዝሙር 1 ጀምረው፣ በቃልዎ ያለውን ግእዝ ሳይገልጡ ላቲኑን ብቻ እያዩ ያንብቡ። ከዚያ ወደ ትልቁ መዝገብ ከመግባትዎ በፊት ዲልማን በ1866 ባሳተመው የግእዝ የንባብ መጽሐፍ መጨረሻ ያለውን አጭር የላቲን ፍቺ ይጠቀሙ፤ ቃሉ ጥቂት፣ ፍቺውም አጭር ነው። ትልቁን መዝገብ ሲጀምሩ በደንብ ከሚያውቁት ግስ ይነሡ እንጂ ከሚፈልጉት ቃል አይነሡ፤ የነገረን ወይም የገብረን ገጽ ፈጽመው ሲያነቡ የዲልማን የአነጋገር ልማድ ይገባዎታል። ቀጣይ ላቲን ለማንበብ ሲደርሱ በ1904 ከግእዙ ጋር በላቲን ትርጉም የታተመው የቅዱስ ያሬድና የአባ ጰንጠሌዎን ገድል ይስማማዎታል፤ ታሪኩን አስቀድመው ያውቁታልና ዓይንዎ በሰዋስዉ ላይ ያርፋል። የመዝገበ ቃላቱን ረዥም የላቲን መቅድም ግን ከሁሉ በኋላ ያድርጉት። በዚያ ውስጥ ዐረፍተ ነገሩ ገጽ ሊያጋምስ ይችላል፤ ያን ጊዜ በመወድስ (በረዥሙ የቅኔ ዓይነት) ቃላቱ ተበታትነው ሲመጡ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ማሰሪያውን ይፈልጉ፣ ቀጥሎ ባለቤቱን፣ ከዚያ ተሳቢውን ያውጡ፣ የቀሩትን ዘርፎችና ቅጽሎች በመጨረሻቸው እየለዩ ወደየባለቤታቸው ይመልሱ።